ከሊማሊሞ ኬላ እስከ ካሜራው ዓይን

የፍጥነት መለኪያ ራዳርና ታርጋ የሚያነብ ካሜራ በአገራችን መነጋገሪያ ከሆኑ ወዲህ ስለ ሹፌሮቻችን ተደጋግሞ የሚሰማ አንድ ፍርድ አለ። ይኸውም «ሹፌር ቁጥጥር አይወድም፤ ከቅጣት በቀር የሚገባው ቋንቋ የለም» የሚል ነው። ፍርዱ በስብሰባ አዳራሽም በቡና ላይ ጨዋታም ያለ ይግባኝ ያልፋል። ውድ አንባቢ፣ በዚህ ጽሑፍ ይግባኝ ለመጠየቅ እሞክራለሁ። የምጠይቀውም ሹፌሩን ከጥፋቱ ነፃ ለማውጣት አይደለም። በመንገድ ላይ የቆመ ዓይን በዚህች አገር ታሪክ ውስጥ ምን ሲሠራ እንደ ኖረ ካልተረዳን፣ ካሜራውም የቀደሙትን ዓይኖች ዕጣ ይወርሳል ብዬ ስለምሰጋ ነው።

ለዚህ ጉዳይ ከሊማሊሞ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚጓዝ መኪና አምባ ጊዮርጊስን አልፎ በወገራ ሜዳ ወደ ደባት ሲገሰግስ ይታያል። ከፊት ለፊት የሚመጣ ሹፌር መብራቱን ብልጭ ካደረገለት «ከፊትህ ትራፊክ አለ» ማለት ነውና ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፖሊሱን ሲያልፍ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ የተቀበለውንም ውለታ ለሚቀጥለው መንገደኛ መብራት ብልጭ በማድረግ ይከፍላል። ይኸው ሹፌር ደባርቅን አልፎ የሊማሊሞን ቁልቁለት ሲጀምር ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ከባድ ማርሽ ያስገባል፤ በየኩርባው ጥሩምባ ይነፋል፤ ጭኖ ሽቅብ ለሚመጣው ዳር ይዞ ይቆማል፤ የሌላው መኪና ሞተር ቢጠፋበት ረዳቱን ታኮ አስይዞ ያወርዳል። እዚያ ራዳር የያዘ ፖሊስ የለም፤ የቅጣት ደረሰኝም የለም። ሹፌሮች ራሳቸው ያወጡት፣ ራሳቸው የሚያስፈጽሙት ሕግ ግን አለ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ይህ ሰው ሥርዓትን በተፈጥሮው የሚጠላ ቢሆን ኖሮ ሊማሊሞ ላይም በጠላ ነበር። ሊማሊሞ ላይ የሚታዘዝ፣ ወገራ ላይ የሚያምፅ ለምንድን ነው? «ገደሉን ስለሚፈራ ነው» የሚለው መልስ እውነት አለው፤ ነገር ግን በቂ አይደለም። ሜዳውም ቢሆን ይገድላል። ልዩነቱ ሌላ ይመስለኛል። ሊማሊሞ ላይ ያለው ሕግ ለማን እንደ ቆመ ሹፌሩ ያውቃል፤ ለእርሱና ለተሳፋሪው ነው። ሜዳ ላይ የቆመው ዓይን ለማን እንደ ቆመ ግን እርግጠኛ ሆኖ አያውቅም። ይህም ጥርጣሬ ትናንት የተወለደ አይደለም።

የኬላው ዘመን

ሊማሊሞ የመኪና መንገድ ከመሆኑ በፊት የሲራራ ነጋዴ መንገድ ነበር። ከምጽዋ ተነሥቶ በአድዋ በኩል ወደ ጎንደር የሚመጣ ነጋዴ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ወገራ ደጋ የሚወጣው በዚህ ዳገት ነበር። እስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770፣ ራስ ሚካኤል ስሑል የአገሩን ሥልጣን ጨብጠው በነበረበት ዘመን፣ በዚሁ ዳገት ወደ ጎንደር ወጥቷል። በመተላለፊያው ላይም ቀረጥ ሰብሳቢዎች እንደ ነበሩ በጉዞ ታሪኩ ተርኳል። የቦታው ምርጫ አያስገርምም። ሜዳ ላይ የተጣለን ኬላ ነጋዴ በሌሊት ዞሮት ሊያልፍ ይችላል፤ ገደል ላይ የተጣለን ኬላ ግን በቅሎ ጭኖ መዞር አይቻልም። ተፈጥሮ ራሷ በሩን ሠርታ ስለ ሰጠች ለመንግሥት የቀረው በረኛ ማቆም ብቻ ነበር።

የዚያ በረኛ ሥራ ምን ነበር? ጭነት መቁጠርና ማንነት መለየት ነበር። የኬላ ገቢ ለአገረ ገዥው ወይም ለባለሟሉ እንደ መተዳደሪያ የሚሰጥ በመሆኑ፣ በኬላው የቆመው ሰው የሚያየው ከመንገደኛው የሚገኘውን ጥቅም ነበር። የነጋዴው ክፍያም በጭነቱ ብቻ የሚወሰን አልነበረም። የማን ሰው እንደ ሆነ፣ ማንን እንደሚያውቅ፣ ምን ያህል ቀን መጠበቅ እንደሚችልም ይታያል። የንጉሥ ሰው ያልፋል፤ የጌታ ዘመድ ያልፋል፤ ወገን የሌለው ነጋዴ ጭነቱን አራግፎ ይሰነብታል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል የተነገረው እንዲህ ያለውን ሥርዓት ሲያይ በኖረ ሕዝብ መካከል ነው።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ራሳቸው በጉምሩክ ሹመት ያገለገሉ ሰው ሲሆኑ፣ ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው የዘመናቸውን የቀረጥ አሠራር ክፉኛ ተችተዋል። ቁም ነገሩ ኬላ መኖሩ ብቻ አልነበረም። ኬላው ሕግ ሳይሆን ሰው መሆኑ ነበር። መንገደኛው ከዚያ የወረሰው ትምህርት ግልጽ ነው፦ በመንገድ ላይ የሚጠብቅህ ዓይን ሊወስድብህ እንጂ ሊጠብቅህ አልቆመም።

ታርጋ የሚለው ቃል ከየት መጣ?

ፋሺስት ጣሊያን አገሪቱን ከወረረች በኋላ አሥመራን ከጎንደር የሚያገናኘው አውራ ጎዳና በሊማሊሞ ገደል ላይ እየተጠማዘዘ ተቀረጸ። የምህንድስናውን ችሎታ መካድ አይቻልም፤ ዓላማውን መርሳት ግን ተገቢ አይደለም። መንገዱ በቅድሚያ የተሠራው ለወታደርና ለስንቅ ነበር። ጦርነቱ ሲገለበጥም ያው መንገድ ምሽግ ሆነ። በዳገቱ አናት፣ በወልክፊት የመሸገው የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ነፃ ከወጣች ከወራት በኋላም እጁን አልሰጠም ነበር። የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነው። ጎንደርም በኅዳር ወር ተከተለች። ሊማሊሞን የያዘ መንገዱን ይይዛል፤ ይህን ከብሩስ ዘመን ቀረጥ ሰብሳቢ እስከ ጣሊያን ኮሎኔል ድረስ ሁሉም ያውቅ ነበር።

ከመንገዱ ጋር ቃላትም መጡ። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ቸርኬ፣ ፌርማታ የምንላቸው ሁሉ የጣሊያንኛ ልጆች ናቸው። ታርጋም እንዲሁ። መንግሥት በአዋጆቹ «ሰሌዳ» ይለዋል፤ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ «ታርጋ» እንዳለው አለ። ሰሌዳ የጽሕፈት ቤት ቃል ነው፤ ታርጋ የጎዳና ቃል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት መንግሥትና ሹፌር ስለ አንድ ብረት ያላቸውን ሁለት አስተያየት ያሳያል። ለመንግሥት የመዝገብ ቁጥር ነው፤ ለሹፌሩ ግን ፊቱ ላይ የተለጠፈ ማንነት ነው።

ይህ የሹፌሩ አስተያየት መሠረት አለው። የእኛ አገር ታርጋ ለብዙ ዓመታት ቁጥር ብቻ ሆኖ አያውቅም። ኮድ 1 ታክሲ ነው፤ ኮድ 2 የግል፤ ኮድ 3 የንግድ፤ ኮድ 4 የመንግሥት። ቀለማቸውም ስለሚለያይ ፖሊሱ መኪናው ገና ከሩቅ ሳለ ማን እየመጣ እንደ ሆነ ያውቃል። ባለ ሦስቱ ኮድ ዳር ይዞ እንዲቆም ሲታዘዝ ባለ አራቱ ኮድ ላንድክሩዘር አቧራውን አልብሶት ሲያልፍ ያልተመለከተ የአገር አቋራጭ ሹፌር ካለ እርሱ ገና ትናንት መሪ የጨበጠ መሆን አለበት። ራስ ሚካኤል ዘመን የንጉሥ ሰው በኬላው በነፃ ያልፍ እንደ ነበር ከላይ አይተናል። ዘመኑ ተቀየረ፤ በቅሎው መኪና ሆነ፤ ልማዱ ግን ቀለም ተቀብቶ ቀጠለ።

ከይለፍ እስከ ክልል

በደርግ ዘመን የመንገዱ ዓይን ሌላ ጥያቄ ጨመረ። ከጭነቱ በተጨማሪ ጉዞው ራሱ ፈቃድ የሚያስፈልገው ሆነ። ገበሬው ከማኅበሩ፣ ከተሜው ከቀበሌው ወረቀት ሳይዝ ርቆ መሄድ ያስቸግረው ነበር። የእህል ንግድም በመንግሥት ድርጅት እጅ ስለ ገባ፣ ከአንድ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላ እህል ጭኖ የሚሄድ ሹፌር በየኬላው ይፈተሽ ነበር። ይህ ሥርዓት የላላው በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ነው። በዚያ ዘመን መሪ የጨበጡ ሰዎች ልጆች ዛሬ ሲኖትራክ ይነዳሉ። መብራት ብልጭ የማድረጉንም ወግ ከአባቶቻቸው ተቀብለዋል።

የፌዴራል ሥርዓቱ ሲመጣ ታርጋው ላይ ፊደላት ታከሉ፦ አማ፣ ትግ፣ ኦሮ፣ አአ እየተባለ። ሐሳቡ የአስተዳደር ነበር፤ መዝጋቢው ቢሮ የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ። ነገር ግን ፖለቲካው ሲከር ሁለቱ ፊደላት ከመዝጋቢው ቢሮ ይልቅ የሹፌሩን ብሔር የሚናገሩ ተደርገው ይነበቡ ጀመር። ጎማ ያቃጠለ ጎረምሳ ታርጋ የሚያነብ መሣሪያ ሆነ። ሹፌሮች በማያውቁት ጠብ ውስጥ በፊደላቸው ምክንያት ተገኙ። በ2013 ዓ.ም. በተቀሰቀሰው ጦርነት ደግሞ የሊማሊሞ መንገድ ራሱ ተዘጋ። በነሐሴና በጳጉሜን 2013 ዓ.ም. ውጊያው እስከ ደባት ወረዳ፣ እስከ ጭና ድረስ ዘልቆ ሰላማዊ ሰዎች በግፍ ተገድለዋል። በ2017 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር የክልል መለያ የሌለበት አገር አቀፍ ሰሌዳ ይፋ ማድረጉ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ሹፌሩ ሲለው የኖረውን እውነት መቀበል ነው። ታርጋ የሚያነብ ካሜራ ሲነሳ «ምኔን ነው የሚያነበው?» ብሎ የሚጠይቅ ሹፌር እንግዲህ የሚጠይቀው ከታሪኩ ተነሥቶ ነው።

የካቲት 2008

በቅርብ ታሪካችን ሹፌሮች ስለ ቁጥጥር ያላቸውን ስሜት በይፋ የገለጡበት ትልቁ አጋጣሚ የካቲት 21 ቀን 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የታየው የታክሲ ሥራ ማቆም አድማ ነው። የአድማው መነሻ በደንብ ቁጥር 208/2003 የተደነገገው የጥፋት ነጥብ አያያዝ ሥራ ላይ ሊውል መሆኑ ነበር። በዚያ አሠራር ጥፋት በገንዘብ ተከፍሎ አይረሳም። ነጥቡ በሹፌሩ መዝገብ ላይ እየተደመረ መንጃ ፈቃድ እስከ ማሳገድና እስከ ማሰረዝ ይደርሳል። ከተማዋ ያለ ታክሲ ዋለች፤ መንግሥትም አፈጻጸሙን ለሦስት ወር አራዘመ። ደንቡ በ2009 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 395 ተሻሽሏል።

ብዙዎቻችን ያን ጊዜ ነገሩን የቅጣት ብዛት ጉዳይ አድርገን አለፍነው። ለእኔ ግን ሹፌሮቹ የፈሩት ገንዘቡን ብቻ አልመሰለኝም፤ መዝገቡን ጭምር ነው። ገንዘብ ተከፍሎ ያልቃል፤ መዝገብ ግን ያስታውሳል። ማስታወስ የሚያስፈራው ደግሞ የሚመዘግበው ሰው ሲታማ ነው። ጎዳና ላይ «የሻይ» ተቀብሎ የሚለቅ አንድ ሰው፣ ሳይቀበል የሚመዘግብ ሌላ ሰው ካለ፣ በመዝገቡ ላይ የሚቀረው የጥፋት ታሪክ አይደለም፤ የድርድር ታሪክ ነው። የሚሰረዘውም መንጃ ፈቃድ የሰውየው እንጀራ ነው።

ታዲያ በዚሁ መከራከሪያ ካሜራውን የሚደግፉ ሹፌሮችም አሉ። «ካሜራ ሻይ አይጠይቅም» ይላሉ። ይህ ቀላል ምስክርነት አይደለም። ሁለቱ ወገኖች፣ ካሜራውን የሚፈራውም የሚናፍቀውም፣ በመሠረቱ አንድ ነገር ይጠይቃሉ፦ ለሁሉም እኩል የሆነ፣ ሰው ያልሆነ፣ ሕግ የሆነ ዓይን።

የመሣሪያው ትውልድ

ስለ መሣሪያው ታሪክም ጥቂት ማለት ይጠቅማል። የፍጥነት ካሜራን ለዓለም ካስተዋወቁት ሰዎች ዋነኛው ሆላንዳዊው ማውሪትስ ጋትሶኒደስ የመኪና እሽቅድምድም ሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1953 የሞንቴካርሎን ውድድር አሸንፏል። መለኪያውን የሠራው በኩርባ ላይ የራሱን ፍጥነት ለክቶ የበለጠ ለመፍጠን ነበር። ታርጋ የሚያነበው መሣሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 በብሪታኒያ የፖሊስ ምርምር ክፍል የተፈለሰፈ ነው። በ1990ዎቹ የለንደን የንግድ ማዕከል ከአየርላንድ ሪፐብሊካን ጦር የቦምብ ጥቃት እንዲጠበቅ ሲፈለግ በሰፊው ሥራ ላይ ዋለ። አንዱ ከፍጥነት ፍቅር፣ ሌላው ከጸጥታ ሥጋት ተወለዱ ማለት ነው። መሣሪያ የተወለደበት ዓላማ ሁልጊዜ የሚያገለግልበት ዓላማ አይደለም፤ ዓላማውን የሚወስነው ሕግ ነው።

ሹፌር ካሜራን መጠርጠሩም የእኛ ብቻ አይደለም። በፈረንሳይ ቢጫ ሰደርያ ለባሾች ባመፁበት ወቅት ከተተከሉት ካሜራዎች 60 በመቶ ያህሉ ጉዳት እንደ ደረሰባቸው የአገሪቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር በጥር ወር 2019 እ.ኤ.አ. ተናግረዋል። በብሪታኒያ እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ድረስ የቅጣቱ ገንዘብ ከፊሉ ካሜራውን ለሚያስተዳድሩት አካላት ይመለስ ስለ ነበር «ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው» የሚለው ሐሜት በረታ። ካሜራዎቹ በግልጽ እንዲታዩ ቢጫ ቀለም የተቀቡትም ያን ሐሜት ለማስታገሥ ነበር። ስዊድን ግን ካሜራውን «የመንገድ ደኅንነት ካሜራ» ብላ ሰየመችው፤ ከመድረስህ በፊት በምልክት ታስታውቃለች፤ ካሜራው የሚቀርጸውም ከገደቡ ያለፈውን ነው። በዚያ አገር ካሜራው የጎላ ተቃውሞ አላጋጠመውም። ብረቱ አንድ ነው፤ ውሉ ግን የተለያየ ነው።

ካሜራው የማያየው

በእኛ አገር ይህ ውል ምን መምሰል አለበት? በመጀመሪያ የሚያስፈልግ መሆኑን አልክድም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2016 በኢትዮጵያ በመንገድ አደጋ በይፋ የተመዘገበውን ሞት 4,352 ሲያደርሰው፣ የራሱ ግምት ግን ከ27 ሺህ በላይ ነበር። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያሉት ሙታን ማንም ያላያቸው ናቸው። ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር»፣ አይሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመ ሕዝብ ቀልድ ብቻ እየቀለደ አይደለም። መንገዱ የሚያይ ዓይን ያስፈልገዋል።

ነገር ግን ካሜራ የሚያየው ታርጋን ነው። ታርጋው የባለንብረቱ ነው፤ መሪው በሹፌሩ እጅ ነው። ሹፌሩን የሚያስቸኩለው የምልልስ ክፍያው፣ የቀን ገቢውን የሚጠብቀው ባለንብረት፣ ከመሸ በኋላ የማይታመነው መንገድ ነው። ቅጣቱ በታርጋው በኩል ለባለንብረቱ ይደርሳል፤ ባለንብረቱ ከሹፌሩ አበል ይቀንሳል፤ ሹፌሩም የጎደለበትን ለመሙላት ይፈጥናል። የጥፋት ነጥብም የሚመዘገበው በመንጃ ፈቃድ ላይ ስለ ሆነ፣ ማን እንደ ነዳ የማያረጋግጥ ካሜራ ነጥብ መስጠት የለበትም። ይህን ክበብ ሕጉ ካልሰበረው ካሜራው ብቻውን አይሰብረውም።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከብዳል። በሰኔ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤተሰቦቻቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች የነበሩባቸው ከመቶ የሚበልጡ ተሳፋሪዎች፣ በሰሜን ሸዋ ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ታግተዋል። ከሊማሊሞ አናት የተነሡ ልጆች ናቸው። ከዚያ በኋላ ለሹፌሩ «ሰዓት ጠብቅ፣ ፍጥነት ቀንስ» ማለት ቀላል አይደለም። እርሱ የሚያውቀው ዓይን ሲፈጥን የሚያየውን፣ ሲታገት የማያየውን ነው። ለመቅጣት ብቻ የነቃ ዓይን፣ ምንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን፣ ኬላ ነው። ዓይኑ ጠባቂ መሆኑን በመጠበቅ ማስመስከር አለበት።

ሦስተኛው የመዝገቡ ጉዳይ ነው። በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት በተካሄደባቸው ጎዳናዎች ካሜራዎች ተተክለዋል። ታርጋ የሚያነብ ካሜራ ማን፣ መቼ፣ ወዴት እንደ ሄደ የሚነግር መዝገብ ማጠራቀም የሚችል ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለ፤ ይህ መልካም ጅምር ነው። ግን ሹፌሩም ሆነ እኔና አንተ መጠየቅ ያለብን ቀላል ጥያቄዎች አሉ። መዝገቡ ስንት ቀን ይቆያል? ማን ይከፍተዋል? ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ለሌላ ጉዳይ ይውላል ወይ? ተሳስቶ የተቀጣ ሰው ለማን አቤት ይላል? የመንግሥት ታርጋስ እንደ ሌላው ይቀጣል ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። በወገራ ሜዳ ቆሞ አቧራ የበላ ሹፌር ግን ከሁሉ አስቀድሞ መልሱን የሚጠብቀው የዚህን ጥያቄ ነው። አንድ ባለ ኮድ 4 መኪና በካሜራ ተቀጥቶ ቅጣቱ በይፋ ቢገለጽ ከመቶ የግንዛቤ ማስጨበጫ ስብሰባ የበለጠ ያስተምራል።

ታሪክን የምናነሳው ለወቀሳ ብቻ አይደለም። የሊማሊሞ ሹፌር ሕግ የማክበር ችሎታ እንዳለው በየቀኑ፣ በየኩርባው ያሳያል። የጎደለው ችሎታ አይደለም፤ የጎደለው ዓይኑ ለእርሱም እንደ ቆመ የሚያምንበት ምክንያት ነው። ያን ምክንያት መስጠት ያለበት መሣሪያውን የተከለው መንግሥት ነው። ከሰጠ፣ በወገራ ሜዳ የሚብለጨለጨው መብራት በጊዜ ብዛት ትርጉሙ ሊቀየር ይችላል፤ «ከፊትህ ትራፊክ አለ» ማለቱ ቀርቶ «ከፊትህ አደጋ አለ» ማለት ይጀምራል። ካልሰጠ ግን በብዙ ገንዘብ የተገዛው ካሜራ ሌላ ኬላ ይሆናል። በዚህ አገር ደግሞ ኬላን እንዴት እንደሚያልፉ የማያውቅ መንገደኛ የለም።

ቸር እንሰንብት።